ስምንት ሰዓት የምትርቀው ሮም

ውብነሽ የከረጢቱን አፍ እየሰፋች ነበር። ጨርቁ ከአሮጌ አንሶላ የተቆረጠ ነው፤ ሦስቱን ጎን ትናንት በስፌት መኪና ጨርሳለች፣ ዛሬ የቀራት አፉ ብቻ ነው። አፉን በእጅ ነው የምትሰፋው። መርፌውን በአውራ ጣቷ ጥፍር እየገፋች፣ ክሩን ሳብ አድርጋ እያጠበቀች፣ ጥቂት ሄድ ስትል ቋጠሮ እያኖረች ትሰፋለች። ሰዎች ለምን ዚፕ ያለው ቦርሳ አትገዢም ሲሏት፣ "ዚፕማ ማንም ይከፍተዋል፤ የተሰፋን ለመክፈት ግን ሰው ያፍራል" ትላለች።

ዕቃው ሮም ለምትኖረው ታላቅ እህቷ ለአስካለ የሚሄድ ነው። የበግ ፀጉር የለበሰ የቤት ጫማ አለበት፣ በሁለት ፌስታል የተደረበ በሶ አለበት፣ ጥቁር አዝሙድ አለበት፣ ራሷ ያፈላችው የፕሪም ማርማላታ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጦበታል። ከሁሉ በላይ ግን እጀታው ላይ ትንሽ መብራት የሚበራ አጉሊ መነጽር አለ። እሱን ያገኘችው እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም በሚባለው ሰፈር፣ በርገር ሽትራሰ ላይ ካለ የመነጽር ሱቅ ነው። ሻጩ ጋዜጣ ዘርግቶ "ይሞክሩት" ሲላት፣ ለእኔ ሳይሆን ለእህቴ ነው ማለት አሳፍሯት ገጹን እስከ ታች አንብባለት ነበር የወጣችው።

የአስካለ ዓይን እየሄደ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። "ውቤ፣ የሰው ፊት መሃሉ እየጠፋብኝ ነው" አለቻት አንድ ቀን በስልክ። "ጆሮውን አያለሁ፣ ፀጉሩን አያለሁ። አፍንጫና አፉ ያለበት ቦታ ግን ጉም ነው።" ሐኪሞቹ ዓይኗ ውስጥ መርፌ ይወጓታል፤ ያለውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ አይደለም ብለው ነግረዋታል። በስልክ እንዳይተያዩ፣ ስልኩ ላይ የሚወጣው ምስል ለአስካለ እንደ ጥፍር ያህል ነው፣ ምኑንም አትለየውም። "አንድ ጊዜ ፊትሽን ልየውና ከዚያ ወዲያ እንደ ፍጥርጥሩ" ትላለች። ውብነሽ ይህን ከሰማች በኋላ ስልኩን ዘግታ ኩሽናዋ መሃል ቆማ ትቀራለች፤ ምን ልትሠራ ወደ ኩሽና እንደገባች እንኳ ይጠፋታል።

ምክንያቱም መሄድ አትችልም። ከስድስት ዓመት በፊት ግራ እግሯ ውስጥ ደም ረግቶባት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ጣቱን ቀስሮ ነበር የመከራት። ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ በረራ ለእርሷ አይሆንም፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ አለቀ። ሮም ደግሞ ስምንት ሰዓት ነው። ውብነሽ ይህን የገዛ ስሟን የምታውቀውን ያህል ታውቀዋለች።

የመንገዱን ርዝመት የነገሯት አቶ ገናናው ናቸው። አቶ ገናናው በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ሮም ይሄዳሉ፤ የውብነሽንም ከረጢት የሚያደርሱላት እሳቸው ነበሩ። አንድ እሑድ፣ ብዙ ዓመቱ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠጋ ብላ "መንገዱ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ምን አለው" አሉ አቶ ገናናው፣ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ። "ከዚህ በሁለት ሰዓት እነሳለሁ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሮም ነኝ።"

ውብነሽ ነጠላዋ ውስጥ ጣቶቿን ቆጠረች። ስምንት። ምንም አልገረማትም። አዲስ አበባስ ቢሆን ከዚያ ብዙ መች ይለያል? ደግሞም ሮምና ፍራንክፈርት ምን ያህል እንደሚራራቁ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? በእግሯ ያወቀችው መንገድ ነው።

ያኔ ሁለቱም እህትማማቾች ሮም ሰው ቤት ይሠሩ ነበር። አስካለ አንዲት ባልቴት ዘንድ፣ ውብነሽ ሦስት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ዘንድ። ጀርመን ወረቀት ይሰጣል የሚባል ወሬ መጣና ውብነሽ ታናሽ ናትና እርሷ ትሂድ ተባለ። ሮምን ስትለቅ የወይኑ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ድንበሩ ላይ ፖሊሶች ከባቡር አውርደው መለሷት። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና መለሷት። ቦልዛኖ የሚባል ከተማ ውስጥ መነኮሳት ኩሽናቸው ውስጥ አስጠግተዋት ድንች ስትልጥ ከረመች። ከዚያ በበረዶ ውስጥ፣ ከሁለት የአስመራ ልጆች ጋር፣ በሰው ጫማ ተራራውን ተሻገረች። ፍራንክፈርት ስትገባ ማይን ወንዝ ዳር ያሉት ዛፎች አብበው ነበር። እንግዲህ አንድ ክረምት ሙሉ የፈጀ መንገድ በአውሮፕላን ስምንት ሰዓት ቢሆን ምን ይደንቃል? እንዲያውም "ጎበዝ ነው አውሮፕላኑ" ብላ ነበር በልቧ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ኑሮ የሁሉም ስደተኛ ኑሮ ነው። ወረቀት እስኪገኝ ብዙ ዓመት ሄደ። ከዚያ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባች፤ ጡረታ እስክትወጣ አንሶላ ስታጥፍ ኖረች። ባሏ ተስፋጋብር ሞተ፣ ልጅ አልነበራቸውም፤ ጋሉስ ሰፈር ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ለእርሷና ለመስኮት አበቦቿ ቀሩ። አስካለ አንድ ጊዜ መጥታ ነበር፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከንግሥ ተጓዦች ጋር በአውቶቡስ። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተጉዛ ስትወርድ እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። "ይህን መንገድ ሁለተኛ አልሞክረውም" አለች፤ እንዳለችውም ሆነ። የአውቶቡሱ ነገር ውብነሽ ልብ ውስጥ የነበረውን ርቀት ይበልጥ አራቀው።

ዘንድሮ አቶ ገናናው ዳሌያቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው አልጋ ላይ ናቸው። ከረጢቱን የምትወስደው ሶሊ ሆነች። ሶሊ የውብነሽ የክርስትና ልጅ ናት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሪድበርግ በሚባለው ሰፈር ትኖራለች፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ላቦራቶሪ ትሠራለች፣ ሮም ስብሰባ አላት። ዘወትር እንደ ቸኮለች ናት። የዚያን ቀንም ደወሉን ሁለት ጊዜ ደውላ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"እማማ ውቤ፣ አልጨረሱም እንዴ?"

"ትንሽ ቀርቶኛል። ምነው ከሳሽ?"

"አልከሳሁም፣ ኮቱ ነው የሰፋው።"

"እሺ፣ ኮቱ ነው። እንግዲህ አስካለን አደራ። ስትደርሺ ደክሞሽ ከሆነ በዚያው ቀን አትሂጂባት፣ እረፍት አድርጊና በማግሥቱ ትሄጃለሽ።"

"በማግሥቱማ እዚህ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ሄጄ ሐሙስ ማታ እመለሳለሁ።"

ውብነሽ ሳቀች። ሶሊ ስትቀልድ ፊቷ እንደማይቀያየር ታውቃለች።

"አንቺ ልጅ! ስምንት ሰዓት ሄደሽ ስምንት ሰዓት ልትመለሺ? ስብሰባውን አየር ላይ ነው የምታደርጉት?"

"የምን ስምንት ሰዓት?"

"የሮም ነዋ።"

ሶሊ አየቻት። ሳቅ የለባትም። "እማማ ውቤ፣ ሮምኮ ሁለት ሰዓት አይሞላም።"

"ተይ እንጂ።"

"እውነቴን ነው። ይኸው።" ስልኳን አውጥታ ነካ ነካ አደረገችና አቀረበችላት። ካርታው ላይ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ነጥብ የተሰመረ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አለ፤ ከላይ ፍራንክፈርት፣ ከታች ሮም። መሃል ላይ ተራሮቹ ነጭ ሆነው ይታያሉ። "ዘጠኝ መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። በረራው አንድ ሰዓት ከሃምሳ።"

መርፌው በክሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። ውብነሽ ሰማያዊውን መስመር አየችው። ጣቷን ተራሮቹ ላይ አደረገች፤ የጣቷ ጫፍ ሁሉንም ሸፈናቸው።

"መቼ ነው ያሻሻሉት?" አለች ቀስ ብላ።

"ምኑን?"

"አውሮፕላኑን። መቼ ነው እንዲህ እንዲፈጥን ያደረጉት?"

"ድሮም ይኸው ነው፣ እማማ።"

"ድሮም?"

"እኔ ሳልወለድም።"

ውብነሽ ከወንበሯ ተነሳች፣ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሳች። ከታች ማይንዘር ላንድሽትራሰ ላይ ትራሙ ደወሉን እያሰማ አለፈ። ከዚህ ተነስታ ሪድበርግ የሶሊ ቤት ደርሳ፣ ሻይ ጠጥታ ስትመለስ የሚፈጅባትን ጊዜ አሰበች። ያንን ያህል ነው። ሮም ያንን ያህል ናት።

"አቶ ገናናው ግን…" አለች። "አቶ ገናናው ራሳቸው…"

"ይደወልላቸዋ" አለች ሶሊ፤ ከአፏ ሳይወጣ ስልኩ ይጮህ ነበር።

አቶ ገናናው ማገገሚያ ሆስፒታል ውስጥ ሆነው አነሱ። ከበስተጀርባቸው ሳህን ይንኳኳል።

"እንደምን ዋሉ፣ ዳሌዎ እንዴት ሆነ?" አለች ውብነሽ፤ ምን ቢያስደነግጣት ሰላምታ ሳታደርስ ወደ ነገር አትገባም። "አቶ ገናናው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሮም ስንት ሰዓት ነው?"

"ሮም? ሰዓቱ ከዚህ ጋር አንድ ነው። ምንም ልዩነት የለው።"

"በአውሮፕላን ማለቴ ነው። መንገዱ።"

"እሱማ ሁለት ሰዓት ቢሞላ ነው።"

"ያኔ፣ በሁለት ሰዓት ተነስቼ አሥር ሰዓት እገባለሁ ብለውኝ ነበርኮ።"

"አዎና። ልክ ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት እነሳለሁ፣ ቲኬቱ አሥር ሰዓት ትደርሳለህ ይላል።"

ሶሊ ግንባሯን በእጇ ያዘች። "ጋሼ ገናናው፣ መነሻውን በሐበሻ፣ መድረሻውን በፈረንጅ ነው የነገሯቸው?"

ወዲያ ማዶ ማንኪያ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

"እንግዲህ…" አሉ አቶ ገናናው። "ከዚህ የምነሳበትን የምቆጥረው በሐበሻ ነው። ቲኬቱ ደግሞ በፈረንጅ ነው። ሁላችንም እንዲያው ደባልቀን አይደል የምናወራው? የሚገባባ መስሎኝ ነው። ምነው? ወይዘሮ ውብነሽ፣ ምን ሆኑ?"

"ምንም። እግዚአብሔር ይማርዎ" አለች ውብነሽና ስልኩን ለሶሊ መለሰችላት።

መቆጣት አልቻለችም። ለመቆጣት መጀመሪያ ነገሩ መግባት አለበት፤ አልገባትም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሐኪሙ አትሻገሪው ካላት አጥር ወዲያ ነች ያለቻት እህቷ፣ ለካ ከአጥሩ ወዲህ ነበረች። "አራት ሰዓት" ብሏታል ሐኪሙ። ሮም ሄዶ ለመመለስ እንኳ አራት ሰዓት አይሞላም።

ሶሊ ፊቷን አየችና ኮቷን አወለቀች። "ሐሙስ አብረን እንሄዳለን" አለች።

"እግሬስ?"

"ነገ ጠዋት ሐኪምዎን እንጠይቃለን።"

በማግሥቱ ሐኪሙ ክፍል ገብታ እግሯን አሳየች። ሐኪሙ ቁርጭምጭሚቷን ጫን ጫን አድርጎ አየው። "ሮም?" አለ። "ጠባቡን ካልሲ ያድርጉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ መሃል ላይ ተነስተው ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ሮም ቅርብ ነው፤ እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቁኝም?" ሰው እንዴት የሚያውቀውን ነገር ይጠይቃል? ውብነሽ ፈገግ ብላ አመስግና ወጣች።

ለአስካለ እንዳይነገር የለመነችው ውብነሽ ራሷ ናት። ይሆናል ብላ አታምንም ነበር። በመጨረሻዋ ደቂቃ ኤርፖርት ላይ አንድ ሰው "እርስዎ አይችሉም" ብሎ የሚመልሳት ይመስላት ነበር፤ ድሮ ከባቡር እንዳወረዷት። "እመጣለሁ ብዬ ብቀር ያቺ ሰው ምን ትሆናለች?" አለች። ሶሊም "ጥሩ፣ ድንገት ደርሰን እናስደስታቸዋለን" አለች። ይህን ሲወስኑ ሁለቱም አንድ ነገር ረስተው ነበር።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ኤስባን በሚሉት የከተማ ባቡር ተሳፍረው ኤርፖርት ሄዱ። ማንም አልመለሳትም። መታወቂያዋን ያየው ፖሊስ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። አውሮፕላኑ ውስጥ ቀዝቃዛ ነበርና ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጥለቱ ወለሉን እየነካ እንዳይቆሽሽ ወደ ላይ አዙራ ትከሻዋና አንገቷ ላይ አደረገችው። ውዳሴ ማርያሟን ጀመረች። እንደ ታዘዘችው ተነስታ ወዲያ ወዲህ አለች። ውሃዋን ጠጣች። በመስኮት ነጭ ተራራ አየች፤ ያንን በሰው ጫማ የተሻገረችውን ተራራ ይሁን ሌላ አላወቀችም። ሶሊን ልትጠይቃት ዞር ስትል ተራራው አልፏል። ጸሎቷን ካቆመችበት ቀጠለች፤ ጥቂት እንዳለች የአውሮፕላኑ አፍንጫ ዘቅዘቅ አለና ጆሮዋ ደነቆረ።

የሶሊን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። "ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?"

"ደረስን፣ እማማ።"

"የት?"

"ሮም ነዋ!"

ውብነሽ ጸሎቷን እንኳ አልጨረሰችም ነበር።

አስካለ የምትኖረው ከትልቁ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ድሮ ያገለገለቻቸው ባልቴት ዕድሜ ልክ እንድትኖርበት ባወረሷት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሶሊ ከስብሰባዋ በፊት አድርሳት ልትሄድ ነበርና ለሥራ የምትለብሰውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሳ ነበር። ውብነሽ ነጠላዋን እንደ ተከናነበች፣ ጥለቱም ወደ ላይ እንደ ዞረ፣ ከረጢቱን ታቅፋ ከኋላዋ ቆመች። ሶሊ ደወለች። ጊዜው ገና ጠዋት ነው፤ ከአንዱ ቤት የተጠበሰ ዳቦ ይሸታል።

በሩ ተከፈተ። አስካለ አጠር ብላ፣ ከስታ፣ አንገቷን ወደ ጎን ሰብራ ቆመች።

"ደህና አደሩ እማማ አስካለ" አለች ሶሊ በትሕትና። "ከፍራንክፈርት ነው የመጣነው።"

ረስተውት የነበረው ነገር ይህ ነው። በጠዋት፣ ሳይነገር፣ ጥቁር ለብሶ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ ከሩቅ አገር በር ላይ የሚቆም ሐበሻ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው የሚመጣው። አስካለ ፊት አታይም። ጥቁር ልብስ አየች፣ ነጭ ነጠላ አየች፣ ከላይ የዞረ ጥለት አየች፣ ፍራንክፈርት የሚል ቃል ሰማች።

"ውቤን ነው!" ብላ ጮኸች። "ውቤን ነው! ውቤ ሞተች!"

"አይደለም፣ እማማ…"

"እኔን! እኔን አስካለን! እህቴ! የኔ ታናሽ! ፊትሽን ሳላየው! መንገዱ ርቆብን፣ አገሩ ርቆብን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትመጪልኝ!" ደረቷን በጡጫዋ ትመታለች። መቀነቷ ተፈታ። የጎረቤት በር ተከፈተና ግማሽ ፊቱ የመላጫ አረፋ የሆነ ሽማግሌ ጣሊያን "ሲኞራ! ሲኞራ!" እያለ ወጣ።

ውብነሽ እዚያው ቆማለች። "እኔ ነኝ" ልትል ትፈልጋለች፣ ድምፅዋ የለም። በራሷ ላይ የሚለቀስ ለቅሶ ትሰማለች፤ ከእህቷ ሌላ እንዲህ አድርጎ የሚያለቅስላት ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ታስባለች። ሶሊ በአማርኛ ትናገራለች፣ በጀርመንኛ ትናገራለች፣ ለሽማግሌው በእጇ ምልክት ታሳያለች፤ ማንም አይሰማትም።

"እትዬ" አለች ውብነሽ በመጨረሻ። ከሹክሹክታ የማይበልጥ ድምፅ ነበር።

አስካለ ጡጫዋ አየር ላይ እንዳለ ቆመች። "ማን ነው ያለው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። ውቤ ነኝ። አልሞትኩም።"

"እንግዲያው ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ።"

"ማንም ካልሞተ በዚህ ጠዋት ምን ልታደርጉ መጣችሁ?"

ሶሊ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብድግ ማለት ጀመረች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። አስካለ እጇን ዘርግታ ውብነሽን ትከሻዋ ላይ አገኘቻት፤ ጣቶቿ ወደ አንገቷ ወጥተው ጥለቱን ነኩ። በመዳፏ ትከሻዋን መታቻት።

"ጥለትሽን ወደ ላይ አዙረሽ! ሰው ቤት! በጠዋት! አብደሻል?" ከዚያ አቀፈቻት። ከዚያ እንደገና መታቻት። ለሶሊም "አንቺስ የማን ልጅ ነሽ፣ ጥቁር ለብሰሽ ሰው የምትገድዪ?" አለቻት። ሽማግሌው ጣሊያን አረፋውን በእጁ እየጠረገ ተመልሶ ገባ።

ሶሊ ወደ ስብሰባዋ ስትሄድ ከበሩ ላይ ዞር ብላ "በአሥራ አንድ ሰዓት መጥቼ እወስድዎታለሁ" አለችና "በሐበሻ!" ብላ ጨመረች። የመመለሻው አውሮፕላን ማታ ነው። ውብነሽ ብቻዋን መመለስ ስለማትደፍር ቲኬቷ ከሶሊ ጋር ደርሶ መልስ ነበር።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ አስካለ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"መቼ ነው የተነሳሽው? ትናንት?"

"ዛሬ ነው።"

"ዛሬ? ከየት?"

"ከቤቴ። ከጋሉስ።"

"ውቤ፣ አትቀልጂብኝ፣ ልቤ ገና አልተመለሰም።"

ውብነሽ ነገረቻት። የአቶ ገናናውን ሰዓት፣ የሶሊን ስልክ፣ ሰማያዊውን መስመር፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሁሉንም በየተራው ነገረቻት።

"ሁለት ሰዓት" አለች አስካለ።

"አይሞላም።"

"ዓይኔን የሚወጉኝ ሆስፒታል በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጅብኝ። ሁለት ጊዜ ቀይሬ።" እጇን ጭኗ ላይ አመላለሰች። "ሆስፒታሉ ከአንቺ ይበልጥ ይርቀኛል ማለት ነው?"

ውብነሽ የታቀፈችውን ከረጢት አልጋው ላይ አስቀመጠች።

"ገናናው!" አለች አስካለ። "በየመስከረሙ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፓስታዬን ሲበላ! አንድ ቀን 'ሰዓቱ እንዲህ ነው' አይልም? መሐንዲስ!" ቁጣዋ ግን ብዙ አልሄደም፤ ወዲያው ተነሳችና የውብነሽን እጅ ያዘች። "ነይ። ነይ ወደ መስኮቱ። ፀሐይዋ እዚህ የምትገባው እስከ ቀትር ነው።"

ፀሐይዋ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ሠርታ ነበር። አስካለ ውብነሽን እዚያ ላይ አቆመቻት፣ ነጠላዋን ከራሷ አወረደችላት፣ ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች። ከዚያ ፊቷን ወደ ቁም ሣጥኑ አዞረች።

ውብነሽ ትጠብቃለች። አስካለ ቁም ሣጥኑን ታያለች።

"እትዬ፣ ወዴት ነው የምታዪው?"

"አንቺን ነዋ።"

"ወደዚያ ዞረሽ?"

"በቀጥታ ካየሁሽ ትጠፊያለሽ። ቁም ሣጥኑን ሳይ ነው አንቺ የምትመጪው።"

ውብነሽ በስልክ ሰምታዋለች፤ ጉም ነው፣ መሃሉ ይጠፋል ተብላለች። ግን እህቷ እርሷን ለማየት ፊቷን ማዞር እንዳለባት ማንም አልነገራትም። ከዓይኗ በቀር ሌላው ሁሉ ድሮ የምታውቃት አስካለ ናት፤ ዓይኗ ግን እዚያ ማዶ ቡናማውን እንጨት ያያል።

"ቀኙ ዓይኔ ነው እንዲህ በዳር በዳር የቀረው" አለች አስካለ፣ ስለ ሰው ዕቃ እንደምታወራ። "ግራው አልቋል። ሐኪሙ ቀኙም እስከ ገና ቢቆይ ነው አለ። ዝም በይ፣ አትንቀሳቀሺ። ፀጉርሽ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው እንዴ?"

"አዎ።"

"ማንም አልነገረኝም። እኔ እስከ ዛሬ ጥቁር አድርጌ ነበር የማስብሽ።" አንገቷን ትንሽ ቀና፣ ትንሽ ዘንበል አደረገች፤ ወፍ ጥሬ ስትፈልግ እንደምታደርገው። "የአባባን አፍንጫ መቼ ነው የወሰድሽው? ያኔ አልነበረሽም።"

"ከሳሁና ወጣ።"

"ጉንጭሽስ? ጉንጭሽ ወዴት ሄደ?" ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። "ቆይ፣ ጠፋሽ። ቆይ… መጣሽ።"

እንዲህ ሲሆኑ ብዙ ቆዩ። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ስትሸሽ ውብነሽ ከእርሷ ጋር አንድ እርምጃ ትሸሻለች፣ አስካለም ወንበሯን ትስባለች። ግንባሯን አየች፣ አገጯን አየች፣ ጆሮዋ ላይ ያለውን ወርቅ አየች። ሙሉውን ፊት በአንድ ጊዜ ማየት አልቻለችም፤ ቁራሽ ቁራሹን ነው የምትሰበስበው። ውብነሽ ባለፈው ዓመት እህቷ ሁለት ዓይን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለት ጤነኛ ዓይን እንደነበራት ታስባለች፤ አውሮፕላኑም በየቀኑ ይሄድ እንደነበረ።

"ወይ ጉድ፣ ሻይ እንኳ አላቀረብኩልሽ" አለች አስካለ ድንገት። "ወተት የለኝም። ያለ ወተት እንደማትጠጪ አልረሳሁም። ሱቁ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ እስከ ማታም አይከፈትም። በሩን ወጥተሽ በስተቀኝ ነው፣ ሲኞር ካርሎ በይው፣ ያውቀኛል።" ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ዘንቢል አውርዳ ሰጠቻት። "ቶሎ በይ።"

"እሺ" አለች ውብነሽ። ጫማዋን አደረገች። ዘንቢሉን ክንዷ ላይ አንጠለጠለች። እስከ በሩ ሄደች፣ እጀታውን ያዘች፣ ዞር ብላ አየች። አስካለ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀምጣለች። ከፀሐይዋ የቀረው ከመስኮቱ ሥር እንደ ቀበቶ የቀጠነ ነው። አስካለ ፊቷን ወደ ቁም ሣጥኑ አዙራ ትጠብቃለች፤ ማንም እዚያ ባይቆምም።

ውብነሽ ተመልሳ ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ውስጥ ተቀመጠች።

"አልሄድሽም እንዴ?"

"እሄዳለሁ።"

"ይዘጋልኮ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

አስካለ አንገቷን ዘንበል አደረገች። "አሁን ዓይንሽ መጣ" አለች። "አንዱ።"

ከታች የሱቁ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ሲወርድ ተሰማ። ውብነሽ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳትንቀሳቀስ እንደ ተቀመጠች ነበረች።